ሰኞ ሰኞ የሚታመም ኮምፒውተር፦ የአንድ ብልሽት ሙሉ ታሪክ

ይህ ጽሑፍ የአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይመዘግባል። ብልሽቱ ራሱ ተራ ነው። ጥገናውም ቢሆን ደቂቃዎችን የሚፈጅ ነበር። መመዝገብ ያለበት ወደዚያ ጥገና ለመድረስ ወራት የፈጀበት ምክንያት ነው። ኮምፒውተር የሚወዱና ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ተከራክረውበታል። ከሰጡት ምክር ውስጥ አብዛኛው ሞኝነት አልነበረም። እንዲያውም ሁሉም ተሞክሮ «ሠርቷል»፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው። የሰዎቹን ማንነት የሚጠቁም ነገር አላስገባሁም።

መነሻው

ተጠቃሚዋ ከቤቷ ሆና ለትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ኮምፒውተሯ ዊንዶውስ የተጫነበት፣ ዕድሜ የጠገበ ዴስክቶፕ ነው። ዲስኩም ሜሞሪውም ደህና ናቸው፤ ፍጥነቱም ለሥራዋ ይበቃል። የምትጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው። ብራውዘር አላት፣ የኢሜይል ፕሮግራም አላት፣ በየወሩ የሚከፈልበት የሂሳብ ሶፍትዌር አላት። ፋይሎቿን ከክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ካለ ማከማቻ፣ ጋር የሚያመሳስል ፕሮግራምም አለ። በየማታው ደግሞ አንድ ነጻ መሣሪያ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ባክአፕ ያደርግላታል።

አንድ ልማዷን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። በሥራ ቀናት ማታ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ትዘጋዋለች፤ ኮምፒውተሩ የተሰካበት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግን እንደበራ ያድራል። ዓርብ ማታ ሲሆን የማከፋፈያውን ማጥፊያ ትጫንና ቅዳሜና እሁድን ሁሉም ነገር ጠፍቶ ይከርማል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብና ለጥንቃቄ ብላ ነው። ይህን ማንም አልጠየቃትም። እሷም የምትናገርበት ምክንያት አልነበራትም።

ችግሩ

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ያለችግር ይነሳል። ዋይፋዩም ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ግን ምንም ነገር በወጉ አይሄድም። የኢሜይል ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ማንነት ማረጋገጥ አልቻልኩም ይላል። አንዳንድ ድረ ገጾች ጭራሽ አይከፈቱም። ሌሎቹ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ያሳዩና «ቢሆንም ልቀጥል» ስትላቸው ይከፈታሉ። የክላውዱ ፕሮግራም አልተገናኘሁም ብሎ ቁጭ ይላል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ደግሞ ፈቃድዎን ማረጋገጥ አልተቻለም ይላታል። ስልኳ በዚያው ዋይፋይ ሁሉንም ነገር ይከፍታል።

ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ማክሰኞ፣ ሁሉም ይድናል። ከዚያ እስከሚቀጥለው ሰኞ ሰላም ነው።

ለምታውቃቸው የኮምፒውተር ወዳጆች የላከችው መልእክት አጭር ነበር፦ «ሰኞ ሰኞ ኢንተርኔት ያስቸግረኛል።» ከመልእክቱ ጋር የኢሜይል ፕሮግራሙን የስህተት ሳጥን ብቻ ቆርጣ አያያዘች። የስክሪኑ ቀሪ ክፍል አልታየም። እዚህች ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ወዳጆቿ ምን አሉ?

የመጀመሪያው ወዳጅ «ዲኤንኤስ ነው» አለ። የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው አገልግሎት ሲንገዳገድ አንዱ ገጽ ይከፈታል፣ ሌላው አይከፈትም። ስለዚህ ሴቲንጉን ወደ ጉግል የዲኤንኤስ አድራሻ 8.8.8.8 አስቀየራት። እኔ ይህን ከሁሉም ደካማው እለዋለሁ። ዲኤንኤስ ሲበላሽ ገጹ አልተገኘም ይባላል እንጂ የሰርቨሩ ማንነት አጠራጠረኝ አይባልም። ደግሞስ ስልኩ በዚያው ራውተር እየሠራ አይደል?

ሁለተኛው ጣቱን ወደ አንቲቫይረሱ ቀሰረ። ይህ ጠንካራ ግምት ነበር። ብዙ አንቲቫይረሶች የተመሰጠረውን ግንኙነት ለመፈተሽ መሀል ይገቡና የድረ ገጹን ሰርተፊኬት፣ ማለትም ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ፣ በራሳቸው ይተካሉ። ይህ አሠራር ሲሳሳት የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚዋ ካየችው ጋር ይመሳሰላል። መጀመሪያ ፍተሻው ብቻ እንዲጠፋ ተደረገ። በኋላ አንቲቫይረሱ ራሱ ከኮምፒውተሩ ወጣ።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 የሆነውን አስታወሰ። ያን ቀን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰርተፊኬት ሰጪ ተደግፎበት የነበረ አንድ የሥር ሰርተፊኬት፣ ማለትም የሌሎች ሰርተፊኬቶች እምነት የሚመነጭበት ሰርተፊኬት፣ ዘመኑ አብቅቶ ነበር። ዝማኔ ያልደረሳቸው አሮጌ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ብዙ ድረ ገጽ መክፈት አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ የዊንዶውሱ የሥር ሰርተፊኬት ዝርዝር ይታደስ አለ። ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘርም እንድትጭን መከራት፤ ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ የዊንዶውሱ ቢያረጅ እምብዛም አይነካውም። ሐሳቡ እውቀት ያለው ሰው ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ያረጀ የሥር ሰርተፊኬት ሰኞን ከሐሙስ አይለይም።

«ፎርማት አድርጊው» ያለም አልጠፋም። መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ተጠቃሚዋም ስለመረራት እሺ አለች። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ፣ ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፈቃድ ለማስመለስ ብቻ ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ረጅም ደብዳቤ ተጻጻፈች። ይህ እርምጃ ችግሩን አልፈታም፤ ይልቁንም ሌላ ሁለተኛ ችግር ተከለ። እሱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

ከዚያ የሊኑክሱ ወዳጅ መጣ። በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተር የሚያሠራው ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዞ አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሳው። ሁሉም ድረ ገጽ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ጥፋተኛው ዊንዶውስ መሆኑ የተረጋገጠ መሰለ፤ ክርክሩም ስለዚህ ኮምፒውተር መሆኑ ቀርቶ ስለ ዊንዶውስና ሊኑክስ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ክርክር አንዴ ከተነሳ ኮምፒውተሩን የሚያስታውሰው የለም።

የመጨረሻው ወዳጅ ምክንያቱን ትቶ ማስጠንቀቂያውን ዝም አሰኘው። በክሮም ሾርትከት ውስጥ የሰርተፊኬት ስህተትን በሙሉ ችላ የሚያስብል ትእዛዝ ጨመረላት። ብራውዘሩ ሰኞም መክፈት ጀመረ። ኢሜይሉ፣ ክላውዱና የሂሳብ ሶፍትዌሩ ግን እንደታመሙ ቀሩ። ከቀረቡት መፍትሔዎች ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። የባንክ ገጿን የምትከፍትበት ብራውዘር ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ማንነት አያጣራም ነበር።

ሁሉም የሠሩ የመሰሉት ለምንድን ነው?

ተጠቃሚዋ ምክር የምትጠይቀው ሰኞ ጠዋት ሲያማት ነው። ምክሩን የምትሞክረው ሰኞ ቀትር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሰኞ ከሰዓት ያለ ምክሩም ይድናል። ስለዚህ በዚያ ቀን የተሞከረው ሁሉ «ሠራ» ይባላል። ዲኤንኤሱን ቀይራ ሠራላት። አንቲቫይረሱን አውጥታ ሠራላት። ፋየርፎክስን ጭና ሠራላት። መካሪው «አልኩሽ አይደል» ይላል፣ ምስጋና ይቀበላል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሰኞ ችግሩ ሲመለስ እሱ ዘንድ መመለስ ያሳፍራታል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ትጠይቃለች።

ውጤቱ አስቂኝ ነው። እያንዳንዱ መካሪ በልቡ ጉዳዩን ፈትቶታል። ከመካከላቸው ሁለቱ ሲገናኙ «የሷ ችግርማ አንቲቫይረስ ነበር»፣ «ኧረ ዲኤንኤስ ነበር» እየተባባሉ በተዘጋ ጉዳይ ላይ ይከራከሩ ነበር። ጉዳዩ ግን አልተዘጋም።

እየሄደ የሚመለስ ብልሽት ላይ «ከዚህ በኋላ ሠራ» ማለት ምንም ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ብልሽቱ መምጣት በነበረበት ሰዓት ሳይመጣ ሲቀር ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ከሚቀጥለው ሰኞ በፊት ማንም «ተፈታ» የማለት መብት አልነበረውም።

ፍንጩ

ጉዳዩ እኔ ዘንድ ሲደርስ የተሞከረው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ነበር። ከዝርዝሩ ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ሰኞ ከማብሪያው ጀምሮ የምታደርጊውን ሁሉ፣ ከችግሩ ጋር አይገናኝም የምትዪውንም ጭምር፣ በወረቀት ጻፊ አልኳት። ምንም ምክር አትሞክሪ፤ እንደ ድሮሽ ሥሪ።

ወረቀቱ ላይ ጠዋት የታየው ስህተት ሁሉ ነበር። መሀል ላይ አንዲት መስመር አለች፦ «የደረሰኙ ቀን ስለተሳሳተ ሰዓቱን አስተካከልኩ።» ከሷ በታች ያለው ሁሉ «ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ» ነው።

ደውዬ ጠየቅኋት። «አዎ፣ ሰዓቱም ይሳሳታል እኮ፤ እሱ ግን ቀላል ነው፣ እኔው አስተካክለዋለሁ» አለች። ለወራት እንዲህ ስታደርግ ነበር። ሂሳብ ሶፍትዌሩ ላይ አዲስ ደረሰኝ ስትከፍት ቀኑ (እ.ኤ.አ.) ጃንዋሪ 2016 ብሎ ይመጣል። ቀኑን ታስተካክላለች። ወዲያው ሁሉም ነገር ይድናል። መዳኑን ግን የምታያይዘው ከቀኑ ጋር ሳይሆን በዚያ ጠዋት ከሞከረችው ምክር ጋር ነው።

ለምን አልተናገረችም ብሎ መውቀስ አይገባም። ሰው ችግር ብሎ የሚናገረው ያቃተውን ነው። ራሱ የሚያስተካክለው ነገር ከዝርዝሩ ይወጣል። ወዳጆቿም ቢሆኑ የስክሪኑን ሙሉ ፎቶ አላዩም። ቢያዩ ኖሮ በቀኝ ጥግ ከታች የተጻፈው ዓመት ወዲያው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ክሮም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ገጽ ራሱ ያሳያል። ለወዳጆቿ የደረሰው ግን የኢሜይሉ ሳጥን ብቻ ነበር።

ማረጋገጫው

ፍንጭ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ተሞከረ።

በሚቀጥለው ሰኞ ኮምፒውተሩ ታሞ ሳለ ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ተስተካከሉ። ሪስታርት አልተደረገም፣ ሌላ ምንም አልተነካም። የተከፈተው ገጽ እንደገና ሲጫን ያለ ማስጠንቀቂያ መጣ። ኢሜይሉም ተከተለ። ረቡዕ ቀን፣ ኮምፒውተሩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ቀኑ ሆን ተብሎ ወደ 2016 ተመለሰ። ከዚያ በፊት የሂሳብ ሶፍትዌሩ ተዘጋ፣ የክላውዱ ፕሮግራም እንዲቆም ተደረገ፣ የባክአፑ ዲስክ ተነቀለ። አንዳንድ በክፍያ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ካዩ ተጠቃሚው ሊያጭበረብር ነው ብለው ስለሚቆልፉ ይህን ጥንቃቄ መዝለል አይገባም። ቀኑ እንደተመለሰ የሰኞው በሽታ በሙሉ ተነሳ። ቀኑ ሲስተካከል ሄደ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ሰዓቱ ለምን ይመለሳል የሚል ነው። አንድ ማታ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ማከፋፈያውም ጠፋ። ጠዋት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ ቀድሞ ኮምፒውተሩን ወደሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲገባ ቀኑ እዚያም ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ነበር። ይህ ዊንዶውስን ነጻ አወጣው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ በመለኪያ ስትለካ 3 ቮልት መስጠት ሲገባት ከ2 በታች ነበረች።

አንዲት ባትሪ ይህን ሁሉ እንዴት?

ኮምፒውተር ሲጠፋም ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ይህ አልነበረውም፤ በተነሳ ቁጥር ቀንና ሰዓት ስንት ነው ብሎ ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። በ1984 የመጣው ፒሲ ኤቲ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ይዞ መጣ። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ሲአር2032 የምትባለው ሳንቲም መሳይ የሊቲየም ባትሪ ናት።

ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ማከፋፈያው እስከበራ ድረስ ማዘርቦርዱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ሰዓቱም በዚያ ይቆጥራል። ባትሪዋ የምትፈለገው ኤሌክትሪኩ ጨርሶ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ የሞተች ባትሪ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማንም ሳያውቅባት ትኖራለች። ቅዳሜና እሁድ ትጋለጣለች። ድሮ ድሮ ባትሪዋ ስትሞት የባዮሱ ሴቲንግ ሁሉ ስለሚጠፋ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይጮህ ነበር። በብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ሴቲንጉ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ብቻ በዝምታ ይመለሳል።

የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብራውዘሩ ያንን ቀን የሚያወዳድረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። 2016 ላይ ያለ ኮምፒውተር ዘንድሮ የወጣ ሰርተፊኬት ሲያይ «ይህ ገና አልጀመረም» ይላል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ለሕዝብ ድረ ገጾች የሚሰጥ ሰርተፊኬት ከ398 ቀን በላይ እንዳይቆይ ዋነኞቹ ብራውዘሮች ወስነዋል። ስለዚህ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር አንድም የሚያምነው ገጽ አያገኝም። ታዲያ አንዳንዱ ለምን ተከፈተላት? ኤችኤስቲኤስ የሚባለውን ሕግ የሚጠቀሙ ገጾች ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባትን ይከለክላሉ። የማይጠቀሙት ይፈቅዳሉ። ለወራት የዲኤንኤስን ግምት ያቆየው «አንዱ ይከፈታል፣ አንዱ አይከፈትም» የሚለው ምልክት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት አያስተካክልም ወይ? ያስተካክላል፤ ግን ገደብ አለው። በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ያልገባ የግል ኮምፒውተር ላይ የሰዓት አገልግሎቱ ነባሪ (ማንም ካልቀየረው የሚሠራው) ገደብ የ15 ሰዓት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከዚያ ሲበልጥ «ለውጡ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይተወዋል። አመክንዮው አለው፤ አንድ የተበላሸ የሰዓት ሰርቨር የስንቱን ኮምፒውተር ቀን ሊያዛባ ይችላል። ሊኑክሱ ፍላሽ ላይ ያለው አገልግሎት ግን ልዩነቱ ዓመታት ቢሆንም ዘሎ ያስተካክላል። ያ ሰኞ ሊኑክስ ላይ ሁሉም የተከፈተው ለዚህ ነው። ምልከታው ትክክል ነበር። «ዊንዶውስ ተበላሽቷል» የሚለው መደምደሚያ ግን ከምልከታው አልወጣም።

የተደረገው ጥገና

ከባትሪው በፊት የባዮሱ ገጾች በስልክ ፎቶ ተነሱ። በተለይ የዲስኩ አሠራር ምርጫና የማስነሻው ቅደም ተከተል። ባትሪ ሲወጣ እነዚህ ወደ ነባሪያቸው ከተመለሱ ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ «ፎርማት» የሚል ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቀለ፣ ባትሪው ተቀየረ፣ ቀኑ በባዮስ ውስጥ ተሞላ።

ዊንዶውስ ላይ ሁለተኛው ችግር ጠበቀን። እንደ አዲስ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው ከነባሪው ከአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ አልተለወጠም ነበር። ራሱ የሚያስተካክለው ሰዓት በብዙ ሰዓታት የተዛባ ስለሆነባት ተጠቃሚዋ «በራስህ አስተካክል» የሚለውን አጥፍታ ሰዓቱን በእጇ ሞልታዋለች። ግድግዳ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለውስጥ የሚቆጥረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ግን የተሳሳተ ነው። የምትልካቸው ኢሜይሎች ለተቀባዮች በማይሆን ሰዓት የተላኩ ሆነው ይታዩ ነበር። አንድ ደንበኛ በዚህ ምክንያት ደረሰኝ ዘገየ ብሎ ተከራክሯት ያውቃል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ያያያዘው ግን አልነበረም። መጀመሪያ ቀጠናው ተስተካከለ፣ ከዚያ የራስ ሰር ማስተካከያው ተከፈተ። ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት።

ከዚያ ሁለት ሰኞ ጠበቅን። ማከፋፈያው እንደ ልማዷ ዓርብ ማታ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሠራ።

ጥገናው ያልነካው ጉዳት

እዚህ ላይ ማቆም ያምር ነበር። ግን የተሳሳተ ቀን አሻራ ትቶ ይሄዳል።

የባክአፑ መሣሪያ «አዲስ የሆነውን ብቻ ቅዳ» በሚል ተስተካክሎ ነበር። አዲስነትን የሚለካው ፋይሉ በተሻሻለበት ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ቀኑ ከመስተካከሉ በፊት የተሻሻለ ፋይል 2016 የሚል ቀን ይለጠፍበታል። ባክአፑ ውስጥ ያለው አሮጌ ቅጂ የዘንድሮ ቀን አለው። መሣሪያው ሁለቱን አወዳድሮ አዲሱን ሥራ «ይህ የድሮ ነው» ብሎ ይዘለዋል። ስህተት አያሳይም፤ ሪፖርቱም «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። ፋይሉ ከሰዓት በኋላ እንደገና ከተነካ ይድናል። ሰኞ ጠዋት ብቻ ተነክተው የተተዉት ፋይሎች ግን በውጫዊው ዲስክ ላይ የቆየ ቅጂያቸው ብቻ ነበር። ቀኑ እስከ ማክሰኞ ሳይስተካከል የቆየባቸው ሳምንታት ደግሞ የባሱ ነበሩ። በቀጠሮ የሚነሳው ባክአፕ እንዲጀምር የተሞላለት ቀን 2016 ላይ ላለ ኮምፒውተር ገና ወደፊት ስለሆነ የሰኞ ማታው ጭራሽ አይነሳም።

ፍለጋው ቀላል ነበር፤ የተሻሻለበት ቀን ጃንዋሪ 2016 የሆነ ፋይል ሁሉ ተፈለገ። በዚያ ወር ይህች ኮምፒውተር የሷ አልነበረችም፤ ስለዚህ የተገኘው ሁሉ የሰኞ ጠዋት ሥራ ነው። ፋይሎቹ በእጅ ወደ ባክአፑ ተገለበጡ። መሣሪያው ከቀን በተጨማሪ ይዘትን እንዲያወዳድር ተደረገ። በመሀል ዲስኩ ቢሞት ኖሮ ስንት ሥራ ይጠፋ እንደነበር ስታይ ተጠቃሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠች።

የክሮሙ ሾርትከትም እዚያው ነበር። ክሮም በተከፈተ ቁጥር ከላይ «የማይደገፍ ትእዛዝ እየተጠቀሙ ነው፣ ደህንነትዎ ይጎዳል» የሚል መስመር ያወጣል። እሷ መስመሯን መዝጋት ለምዳለች። ችግሩ ከተፈታ በኋላ ማንም አላስታወሰውም ነበር። ትእዛዙ ተሰረዘ። የወጣው አንቲቫይረስ ቦታ ላይ የዊንዶውሱ የራሱ መከላከያ መሥራቱ ተረጋገጠ። ዲኤንኤሱ ግን ባለበት ተተወ፤ አልጠቀመም፣ አልጎዳም።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

አንድ ፕሮግራም ሲታመም ፕሮግራሙን መርምር። ዝምድና የሌላቸው አራት ፕሮግራሞች በአንድ ጠዋት ሲታመሙ ግን አራቱንም ተዋቸውና የሚጋሩትን ፈልግ። ኢሜይል፣ ብራውዘር፣ ክላውድና የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጋሩት ነገር አጭር ዝርዝር ነው፦ ኔትወርክ፣ ሰዓት፣ የሰርተፊኬት ዝርዝር፣ መሀል የሚገባ አንቲቫይረስ። ስልኩ ኔትወርኩን ከዝርዝሩ አወጣው። የሰኞው ዑደት የሰርተፊኬት ዝርዝሩን አወጣው። ሰዓትን ለማየት ወደ ስክሪኑ ጥግ አንድ እይታ ይበቃል። ከሁሉ ርካሹ ምርመራ ስለሆነ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት፤ በዚህ ጉዳይ ግን መጨረሻ መጣ።

ምክር ስትጠየቅ «ምን ስህተት አሳየሽ» ከሚለው ይልቅ «መቼ ይሠራል» የሚለው የበለጠ ይጠቅማል። ቀጥለህ «አንቺው የምታስተካክይው፣ ለምደሽ የተውሽው ነገር አለ ወይ» በል። ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ በሳቅ ይጀምራል። «እሱማ ምንም አይደል» ካሉ በኋላ የሚመጣውን ጻፈው።

ፎቶ ስትልክ የሳጥኑን ብቻ አትቁረጥ፤ ሙሉ ስክሪኑን ላክ። ምስጢር ያለበትን ቦታ ሸፍነው እንጂ ጥጎቹን አትቁረጥ።

ማስጠንቀቂያን የሚያጠፋ መፍትሔ አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ ሥራ የሚቆምበት ቀን አለ። ግን የገባበት ቀንና የሚወጣበት ቀን ካልተጻፈ በቀር አይወጣም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሾርትከቱን ያስተካከለው ሰው እንኳ ስጠይቀው አላስታወሰም።

ስለ ፎርማት ያለኝን አስተያየት አልደብቅም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ፎርማት ማድረግ ምልክቱን ከነማስረጃው ይጠርጋል፤ እዚህ እንዳየነው አዲስ ስህተትም ይተክላል። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ፣ ለምሳሌ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ገብቶ ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለው እርምጃ ሊሆን ይችላል።

የሰዓት ጉዳይ ወደፊት ይበልጥ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ሰርተፊኬት ሰጪዎችና ብራውዘር ሠሪዎች የሰርተፊኬት ዕድሜ ደረጃ በደረጃ እንዲያጥር ተስማምተዋል፦ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ቢበዛ 200 ቀን፣ ከ2027 100 ቀን፣ ከ2029 ደግሞ 47 ቀን። የዚህች ሴት ኮምፒውተር በዓመታት ስለዘገየ በደረሰኝ ላይ ያለው ቀን አጋለጠው። ሰዓቱ በሁለት ወር ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ግን ዓመቱ ትክክል ስለሆነ በጨረፍታ አይታወቅም፤ ከ2029 በኋላ እሱም እንደሷ ኮምፒውተር አንድም ገጽ ያለ ማስጠንቀቂያ አይከፍትም።